ከሥራው በፊት የተጻፈ፦ የጣናና የጢስ ዓባይ ዕቅዶች ታሪክ ኮድ ከሚጽፉ ረዳቶች አንጻር



የዛሬው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ቅልቅል ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። የታሪክ መምህር ስለ ሶፍትዌር ምን ይናገራል? የጋበዙኝ የኮምፒውቲንግ ባልደረቦቼ ግን ጉዳዩን ግልጽ አድርገው አቅርበውልኛል። በዚህ ሴሚስተር ተማሪዎቻቸው ኮድ የሚጽፉላቸውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች እንደ ልባቸው እንዳያዝዙ፣ ይልቁንም አስቀድመው ስፔሲፊኬሽን እንዲጽፉ፣ ከስፔሲፊኬሽኑ ዕቅድ እንዲያወጡ፣ ከዚያም በኋላ ወደ ኮዱ እንዲገቡ የሚያደርግ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ፕለጊን የሚሉትን፣ በየኮምፒውተራቸው ጭነዋል። ተማሪዎቹም አጉረምርመዋል። ማሽኑ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን እኛ ሳምንት ሙሉ ስንጽፍ ለምን እንከርማለን ነው የሚሉት። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከቴክኖሎጂው ውስጥ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ፣ ከዚህ ከተማ ዳር ከተኛው ሐይቅና ከእርሱ ከሚወጣው ወንዝ ታሪክ ብንፈልገው የተሻለ ይመስለኛል። ሳይሠራ ብዙ የተጻፈበት፣ ሳይጻፍም የተሠራበት ቦታ ነውና።

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሞ ማሳወቅም ከርእሳችን የወጣ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከታንኳ እንጀምር። በጣና ዳርቻ ታንኳ የሚሠራ የነገደ ወይጦ ባለሙያ ንድፍ የሰፈረበት ወረቀት አይዝም። ደንገሉን ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ እያጠበቀ ያስራል፤ ልኩን በክንዱና በዓይኑ ያውቀዋል። ማን እንደሚሳፈርባት፣ ምን እንደሚጫንባት፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። ታንኳዋ ውኃ ጠጥታ ስትከብድም ከውኃ የሚያወጣትና የሚያደርቃት እርሱ ራሱ ወይም ጎረቤቱ ነው። ይህ ሥራ ስፔሲፊኬሽን የለውም የሚል ሰው ይሳሳታል። ስፔሲፊኬሽኑ በሰውየው ውስጥ አለ። ሠሪው፣ ተጠቃሚውና ጠጋኙ የአንድ መንደር ሰዎች ሲሆኑ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ሰው ሁልጊዜ በአጠገብ ነው።

ከፏፏቴው ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው የድንጋይ ድልድይ ሁለተኛውን ሁኔታ ያሳየናል። ጢስ ዓባይን ለማየት የሄደ ሁሉ ተሻግሮበታል። የፖርቹጋል ድልድይ እያልን እንጠራዋለን። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ጻፈው ግን ነገሩ ከስሙ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ድልድዩ በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ተሠራ፤ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ እዚያው አቅራቢያ በአላታ ወንዝ ተገኘ፤ ሥራውን የመራው ባለሙያም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር። ትእዛዙ የንጉሡ፣ ኖራው የአላታ፣ እጁ የሕንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ለፖርቹጋል ደረሰ። ስለ ባለቤትነት ሌላ ቀን እንነጋገር ይሆናል። ለዛሬው ጉዳያችን የምፈልገው ሠሪው የአገሩ ሰው አለመሆኑን ነው። ወንዙ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ በልጅነቱ አላየም። ሆኖም በቦታው ቆሟል፤ የጎርፉን ምልክት በዓለቱ ላይ ማየት፣ ያላወቀውንም አጠገቡ ያለውን ሰው መጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛው ሁኔታ ከባዱ ነው፤ ሠሪው የቦታው ሰው ካልሆነ፣ በቦታውም ከሌለ። ያን ጊዜ ከጽሑፍ በቀር የሚያገናኝ ነገር የለም። የሃያኛው መቶ ዘመን የጣና ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ታሪክ ነው።

የዚህ ዘመን መነሻ ሰነድ የግንባታ ዕቅድ ሳይሆን ውል ነው። በግንቦት 1902 ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በፈረሙት ስምምነት ሦስተኛው አንቀጽ፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ያለ ስምምነት ስለማይሠራ ሥራ ይናገራል። የአንቀጹ ክርክር በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ የውኃውን ፍሰት ስለ መግታት ያወራል፤ መግታት ደግሞ እንደ አንባቢው ፍላጎት ሊሰፋም ሊጠብም የሚችል ቃል ነው። የአማርኛው ቅጂ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለ መድፈን ይናገራል። መድፈን ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቦይ ቀድቶ ማሳ ማጠጣት መድፈን አይደለም። ሕግ ዐዋቂዎቻችን ለብዙ ዓመታት የተከራከሩት ውሉ ውኃውን መጠቀምን አልከለከለም ብለው ነው። አንድ ቃል ሲጻፍ ሳይብራራ በማለፉ፣ ጸሐፊዎቹ ከሞቱ በኋላ ለሌሎች ትውልዶች የቤት ሥራ ሆኖ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ናቸው። በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ጣናን አጥንተው ሪፖርታቸው በ1925 ካይሮ ላይ ታተመ። በዚያው በ1925 ቺዝማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ፤ የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉ በ1936 ወጣ። በ1925 ማብቂያ ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መሥመር በመካከላቸው ደብዳቤ ተለዋወጡ። ባለቤቷ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ቀጥሎ የተወሰደው እርምጃ ግን ከአቤቱታው ይልቅ ብልህ ይመስለኛል፤ በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ኢትዮጵያ ሌሎች የሚጽፉላትን ዕቅድ ከመጠበቅ ይልቅ የራሷን ለማስጻፍ መነሣቷ ነበር። ኩባንያው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁንና መውጫውን አስጠና። በ1935 የፋሺስት ወረራ መጣና ግድቡ በወረቀት ላይ ቀረ።

ሦስተኛው ዙር ከሁሉም ይገዝፋል። ግብፅና ሱዳን በ1959 የዓባይን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረችም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ጋር የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀምራ ነበር። ጥናቱ በ1964 በ17 ጥራዞች ተጠቃሎ ቀረበ። ከጣና መውጫ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ የግድብና የመስኖ ቦታዎችን ለየ፤ በዋናው ወንዝ ላይም ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር የተባሉትን አራት ታላላቅ ግድቦች ዐቀደ። ግንባታ ግን አልተከተለም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ቦታው ከቦርደር ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ግድቡ ግን በ1964 ከታሰበው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ እነዚህ 17 ጥራዞች መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ከዕቅዶቹ ይልቅ የቆየ ሌላ ነገር አላቸውና።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንሻገር። መስኩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያውም ከጣናው ታሪክ ጋር በዘመን የሚገጣጠም። በጥቅምት 1968 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት በጀርመን ጋርሚሽ በጠራው ጉባኤ ላይ የሶፍትዌር ምሕንድስና የሚለው ስም ጸና፤ ምክንያቱም ትላልቅ ፕሮግራሞች ከጊዜያቸውና ከበጀታቸው እያለፉ ስለ ተቸገሩ ነው። በ1970 ዊንስተን ሮይስ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ፍላጎት ይጻፋል፣ ከዚያ ንድፍ፣ ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ ፍተሻ፣ ሥራው እንደ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳል የሚለው አካሄድ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሌሎች ኋላ የፏፏቴ ዘዴ አሉት። ለጢስ ዓባይ ልጆች የሚስማማ ስም ነው፤ ነገር ግን ሮይስ ራሱ ቃሉን አልተጠቀመበትም፤ ደረጃዎቹን ወደ ኋላ ሳይመለሱ መውረድ አደገኛ መሆኑንም እዚያው ጽፎታል። አንባቢዎቹ ሥዕሉን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት። በ2001 ደግሞ በአሜሪካ ዩታ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች የአጃይል መግለጫ የሚባለውን አወጡ፤ ከተንዛዛ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር እናስቀድማለን ብለው። ሃያ ዓመት ያህል ሰነድ መጻፍ እንደ አሮጌ ልማድ ታየ።

በየካቲት 2025 አንድሬይ ካርፓቲ ለአዲሱ ልማድ ስም አወጣለት። ኮዱን ማንበብ ይቀራል፤ የሚፈለገው በቃል ይነገራል፤ ማሽኑ ይጽፋል፤ ስሕተት ቢመጣ ስሕተቱ መልሶ ለማሽኑ ይሰጣል። ለመዝናኛ ለሚሠራ ነገር የሚበቃ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተቃራኒው መጣ። በሐምሌ አማዞን ኪሮ የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ በመስከረም ጊትሀብ ስፔክ ኪትን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀ። ሰነዱ ተመለሰ። የተመለሰበት ምክንያት ግን የ1970ው አይደለም፤ ሠሪው ተለውጧል።

ይህ ሠሪ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ያነበበ፣ ፈጣን፣ የማይደክም፣ ሲያዝዙት እሺ የሚል፣ ነገር ግን ቦታውን አይቶ የማያውቅ ነው። ትናንት የተነጋገራችሁትን ጽፋችሁ ካላቆያችሁለት ዛሬ አያስታውሰውም። የጎደለውን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ከመጠየቅ ይልቅ በሌላ አገር በተለመደው ይሞላዋል። ከታንኳ ሠሪውም፣ ከአላታው ባለሙያም የሚለየው በዚህ ነው።

የመሣሪያው አዘገጃጀት ራሱ ብዙ አይደለም። ባልደረቦቼ ሲያሳዩኝ ከቡና ሰዓት አላለፈም። ጊትና ፓይተን በኮምፒውተሩ ላይ መኖራቸው ይረጋገጣል፤ በተርሚናል አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የምትጠቀሙበት ረዳት የትኛው እንደሆነ ይመረጣል። ትእዛዙ በፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ የቅጾችና የአጫጭር ስክሪፕቶች ማኅደር ይፈጥራል፤ ረዳቱም አዳዲስ ትእዛዞችን ይማራል። የመጀመሪያው ትእዛዝ እነርሱ ሕገ መንግሥት ያሉትን ያስጽፋል፤ በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ መቼም የማይጣሱት መርሖች ምንድን ናቸው የሚል አጭር ሰነድ ነው። ሁለተኛው ስፔሲፊኬሽኑን ያስጽፋል፤ ማን፣ ምን፣ ለምን የሚለውን እንጂ በምን ቴክኖሎጂ የሚለውን አይጨምርም። ሦስተኛው ያልተብራራውን እየለየ ይጠይቃል። ዕቅዱ፣ የተግባራት ዝርዝሩና አፈጻጸሙ ከዚያ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይተዋል፤ ፋይሉም ከኮዱ ጋር አብሮ ይቀመጣል። የማይተማመኑበት ረዳት ቢቀየር እንኳ ጽሑፉ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ዓይኔን የሳበው አንድ ትንሽ ነገር ነው። በስፔሲፊኬሽኑ ቅጽ ውስጥ ረዳቱ ያልተነገረውን ነገር ሲያገኝ በግምት እንዳይሞላው፣ በቦታው ማብራሪያ ያስፈልጋል የሚል ምልክት እንዲያስቀምጥ ታዝዟል። በ1902 ውል ውስጥ ገታ በሚለው ቃል ጎን እንዲህ ያለ ምልክት ቢቀመጥ ኖሮ ብዬ አሰብሁ። የታሪክ ሰው ቢሆን ኖሮ ማለት የለበትም ይባላል፤ ለዛሬ ይፈቀድልኝ።

የመጻፍን ጉዳይ ከባድ የሚያደርገው ግን ያልተብራራው ቃል ብቻ አይደለም። ጨርሶ ያልተጻፈው ነው። ለዚህ ከጨረጨራ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውኃ ጠልፎ፣ የፏፏቴውን ቁልቁለት ተጠቅሞ፣ ውኃውን ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሳል። የባሕር ዳርን ፋብሪካዎች አንቀሳቀሰ፤ ፏፏቴውም ጢሱን እንዳጨሰ ቀጠለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ከሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ መጀመሪያ በሁለት በሮች በ1996 ተጠናቀቀ፤ በ2001 በሮቹ ሰባት ሆኑ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ። ሐይቁ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር ከፍታ መካከል እንደ ማጠራቀሚያ ገንዳ እንዲያገለግል ሆነ፤ በእነዚህ ሦስት ሜትሮች ውስጥ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ አለ። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋት ነበር፤ መብራቱም መጣ። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ተማሪዎቼ በሻማ ያነበቡባቸውን ምሽቶች የረሳሁ አይደለሁም።

ከዚያ ግን 2003 መጣ። ድርቅ ነበር፤ ለኃይል የሚለቀቀው ውኃም ብዙ ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው ሐይቁ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ከፍታ ወረደ። መርከቦች ለወራት ቆሙ። የደንገሉ ዳርቻ ደረቀ፤ ውኃው የሸሸበትን የሐይቅ ወለል ገበሬዎች አረሱት። ፏፏቴውም ውኃው በአጠገቡ በቦይ እያለፈ በዓለት የሚታይበት ወራት በዛ። ከፏፏቴው ላይ በማስጎብኘት፣ በጀልባ በማሻገር፣ ቡና በማፍላት የምትኖረው የጢስ ዓባይ ከተማ ምን እንደሆነች የሄደ ያውቃል። በ2010 የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ ደግሞ ውኃው በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ተሻገረ፤ ወደ ፏፏቴው የሚመጣው የሚለቀቀው ብቻ ሆነ፤ ሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም ተጠባባቂ ሆኑ።

ከጨረጨራ በታች ላለው የወንዝ ክፍል ምን ያህል ውኃ ይበቃዋል የሚለውን ጥያቄ የዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት መለሱት፤ መሠረታዊ የሥነ ምሕዳር አገልግሎቱን ለመጠበቅ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከዓመታዊው ፍሰት 22 በመቶ ያህል። ጥሩ ስፔሲፊኬሽን ነው። ቁጥር አለው፤ ሊለካ ይችላል። የታተመው ግን መቆጣጠሪያው ከተሠራ ከ13 ዓመት፣ ሁለተኛው ጣቢያ ከተተከለ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ሜጋ ዋት በሰነድ ላይ ቁጥር ሆኖ ሲቀመጥ፣ የመርከቡ ጥልቀት፣ ደንገሉና የፏፏቴው ጢስ ከእርሱ እኩል ቁጥር ሆነው ካልተቀመጡ፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለሙያ በችግር ቀን የሚያየው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም።

አሁን ስለ አንድ የተማሪዎች ቡድን ልንገራችሁ። ሥራቸው ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱና ወደ ደሴቶቹ ለሚሄዱ ጀልባዎች የትኬት መቁረጫ ማዘጋጀት ነው። መጀመሪያ ያለ ስፔሲፊኬሽን አዘዙት፤ ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያምር ገጽ ወጣ። ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሣ ጀልባ ብለው ሲያስገቡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት አድርጎ መዘገበው። የቀን መቁጠሪያው 12 ወር ነበረው፤ ጳጉሜን ላይ የሚሳፈር ሰው ቦታ የለውም። የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አይቀጥልም አለ፤ የእናትና የልጅ የአባት ስም ለምን እንደሚለያይ አልገባውም። ፍለጋው ሐመረ ኖኅን በሀ የጻፈ ሰው በሐ የተጻፈውን አያገኝለትም። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ብቻ ሆነ፤ ቴሌብር የሚባል ነገር አልተጠቀሰለትማ። ይባስ ብሎ ሴቶች ወደማይገቡበት ወደ ክብራን ገብርኤል ለማንኛዋም እንግዳ የመግቢያ ትኬት ይሸጣል። እያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ነው። ሁሉም የመጣው ግን ከአንድ ምንጭ ነው፤ ማሽኑ ባዶውን ቦታ በራሱ ዓለም ልማድ ሞላው።

ፕለጊኑን ጭነው በሁለተኛው ዙር ሲጀምሩ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አራት መሥመር ጻፉ። ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታያል፤ ሰዓት ሁሉ በአገሬው አቆጣጠር ይነበባል፤ ስም ማለት የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በፍለጋ እንደ አንድ ይታያሉ። በማብራሪያው ደረጃ ረዳቱ ራሱ ጠየቃቸው፦ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ካልወጣ የተከፈለው ገንዘብ ምን ይሆናል? ከቡድኑ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ወደቡ ወርደው ጀልበኞቹን ጠየቁ። ለእኔ ከመሣሪያው ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ተማሪን ከወንበሩ አስነሥቶ ወደ ወደብ ላከ።

ስለ ዐረፍተ ነገሩ አቀማመጥም አንድ ነገር ልጨምር። ኪሮ የሚጠቀምበት የፍላጎት አጻጻፍ በሮልስ ሮይስ መሐንዲሶች ተዘጋጅቶ በ2009 የቀረበ ነው፤ መጀመሪያ ሁኔታው፣ ቀጥሎ ሥርዓቱ የሚያደርገው ይጻፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን፣ ሥርዓቱ እንዲህ ያደርጋል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ መለማመድ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ግን ከጥንትም ሁኔታውን አስቀድሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽናችሁን በአማርኛ ጻፉ ብዬ እመክራለሁ። ረዳቶቹ አማርኛ ያነብባሉ፤ ቢሳሳቱ እንኳ ስሕተቱ የሚገኘው ገና በጽሑፍ ሳለ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ማሽኑ አይደለም። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ለጀልበኛው ይነበብለታል፤ አይ፣ እንዲህ አይደለም ለማለት ይችላል። 17ቱን ጥራዝ ለጢስ ዓባይ ገበሬ ያነበበለት የለም።

ከዚህ በኋላ የተማሪዎቹን ቅሬታ በቀናነት መመለስ አለብኝ፤ ግማሹ እውነት ነውና። ለአንድ ቀን የሚያገለግል፣ ራሳችሁ ብቻ የምትጠቀሙበት ትንሽ ስክሪፕት ከሆነ እናንተ ታንኳ ሠሪው ናችሁ፤ ጻፉት፣ ተጠቀሙበት፣ ጣሉት። ስፔሲፊኬሽን አያስፈልገውም። ሌላም አደጋ አለ። እነዚህ መሣሪያዎች ሰነዱንም ራሱ ማሽኑ እንዲጽፈው ያስችላሉ። በሦስት መሥመር ጥያቄ ሃያ ገጽ ስፔሲፊኬሽን ይወጣል፤ ተማሪው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ይቀጥል ይላል። ያላነበቡትን ሰነድ ማጽደቅ በመሥሪያ ቤቶቻችን የቆየ በሽታ ነው፤ ቢጋሩ ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ የቦታው ስም ብቻ ሲቀየር ያላየ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ሰነድ ከሰነድ አልባነት ይብሳል፤ ሰነድ የሌለው ሰው ቢያንስ እንደሌለው ያውቃል። የአጃይል ሰዎች የሸሹት ይህንን ነበር፤ መሸሻቸውም ትክክል ነበር። እኔ ብጠየቅ ደንቡን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ተማሪው ጮክ ብሎ ሊያነብበው የማይችለውን ያህል የረዘመ ስፔሲፊኬሽን አይጸድቅም።

ጉዳዩ የክፍል ልምምድ ብቻ አለመሆኑንም ልብ በሉ። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በ2024 የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደዚህ ሙያ እየሳበ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ኮዳቸውን ከማሽን ጋር ነው የሚጽፉት። የመሬት መዝገብ፣ የጤና ካርድ፣ የገበሬ ማዳበሪያ ወረፋ በእነርሱ እጅ ያልፋል። በጀልባ ትኬት ላይ የጠፋችው ጳጉሜን በክትባት ቀጠሮ ላይ ስትጠፋ ቀልድ አትሆንም።

አሁን ወደ 17ቱ ጥራዞች ልመለስ። በ1964 ከታሰቡት ግድቦች አንዱም በታሰበበት ጊዜ፣ በታሰበበት መጠን አልተሠራም። ጥናቱ ግን ወንዞቹን መለካት ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዘመን መለኪያዎች ተተከሉ፤ ከጣና የሚወጣው ውኃ ባሕር ዳር ላይ ከ1959 ጀምሮ ተመዘገበ። መለኪያውን በየቀኑ የሚያነብብ ሰው ተቀጠረ፤ እርሱ ሲደክም ሌላው ተተካ። በ2003 ሐይቁ ወርዶ የማያውቀውን ያህል ወረደ ለማለት የቻልነው በዚህ መዝገብ ነው። በ2009 22 በመቶ የሚለውን ቁጥር ያወጡት ተመራማሪዎችም የተደገፉት በዚሁ መዝገብ ነው። ዕቅዱ አርጅቶ መለኪያው ሠራ።

በሶፍትዌር ውስጥ የመለኪያው አምሳያ ፍተሻ የሚሉት ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ፍተሻ ሊወጣው ይገባል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትኬት ይቆረጥ፣ ጠዋት 1 ሰዓት የተመዘገበው ጀልባ ጠዋት 1 ሰዓት ይታይ፣ በሀ የተፈለገው በሐ የተጻፈውን ያምጣ። የትኬቱ ቡድን ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያሉ 31 ፍተሻዎች ነበሩት። ከእነርሱ ሁለቱ እስከ ትናንት ድረስ አላለፉም፤ አንዱ የነፋሱ ገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ጀልበኞቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም። ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ በዚያ መሥመር ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል የሚለው ምልክት እንዳለ ነው። ልጆቹ ሊያነሡት ፈልገው ነበር፤ ባልደረባዬ እንዲቆይ አድርጎታል።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።